የስድስት ለአምስቱ ጠረጴዛ

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ልጄ ሒሩት ቶሮንቶ ውስጥ በምትሠራበት ካሲኖ አንድ ሽማግሌ ጠይቀዋት እውነቱን ስለነገረቻቸው ከሥራ አገዷት። አልሰረቀችም። አልዘገየችም። ደንበኛ አልሰደበችም። «ይሄ ጠረጴዛ ከዚያኛው ያነሰ ይከፍላል» አለች፤ በቃ፣ ጥፋቷ ይኸው ነው። የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁም እዚህ በየአፓርታማው ለተቀመጣችሁም ነው። የካሲኖውን ስም አልጠራም፤ እንዳልጠራ ሒሩት ለምናኛለች። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ አጻጻፌን ተዉትና ነገሩን ያዙልኝ።

ከናዝሬት የወጣሁት በሰኔ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። እህቴ ጥሩዬ ክብደቱ ከሃያ ሦስት ኪሎ እንዳያልፍ እያለች ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈታ ሦስት ጊዜ አሰረችው። እኔ ሠላሳ ዓመት እህል ተራ ተቀምጬ የሸጥኩ ሴት፣ በአንድ እጄ አንስቼ «ሃያ ሁለት ተኩል ነው» አልኳት። አላመነችኝም። መንገድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ እጄን ይዛ «ለመሆኑ ሒሩት ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችኝ። «ሆቴል ነው» አልኳት። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር። ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ «ትልቅ ሆቴል ነው እማዬ» ስትለኝ ኖራለች። ቦሌ ስንደርስ ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጣ፤ ሃያ ሁለት ከስድስት አለ። ጥሩዬ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።

ሒሩት የምትኖረው ዌስተን የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ በሰኔ በጋ ነው፤ በጋውን ወደድኩት። ሰው በር ላይ ቆሞ በር ይይዝልሃል፣ ሳይነካህ «ሶሪ» ይልሃል፣ እግሩን ስትረግጠውም እሱ ነው «ሶሪ» የሚለው። ሽንኩርቱ ግን ትልቅ ነው እንጂ አያስለቅስም፤ ገበያውም ዝም ያለ ገበያ ነው። ዋጋው ተለጥፏል፣ ማንም ማንንም «ቀንሽልኝ» አይልም፣ ማንም ማንንም «ከየት መጣሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አይልም። እኔ ለሦስት ብር ቅናሽ ግማሽ ቀን የተከራከርኩ ሴት፣ እዚያ ዳቦ ይዤ ተራ ስጠብቅ ዲዳ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ቤቱ ቀዘቀዘ። የናዝሬት ሰው ብርድን የሚያውቀው በወሬ ነው። ሱፐር የሚሉትን የሕንፃ ኃላፊ ሒሩት ጠራችው። ሰውዬው ቴርሞሜትሩን የማሞቂያው ቱቦ ላይ ለጥፎ ጥቂት ጠበቀና «ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው፣ ሕጉ የሚለው ሃያ አንድ ነው» አለ። እኔ ከእጁ ተቀብዬ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩት። አሥራ ሰባት ሆነ። አሳየሁት። ቴርሞሜትሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ለሒሩት «አልጋዋን ወደ ቱቦው አስጠጉላት» ብሏት ወጣ። የዚህ አገር መልስ ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የማውቀው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ከእንቅልፌ ብነሣ፣ ሒሩት ወጥ ቤት ተቀምጣ ካርታ ትበውዛለች። እጇ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው። ቆሜ አየኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥራዬ ነው እማዬ።»

«ሆቴሉስ?»

«ሆቴልም አለው» አለች፣ ቀና ሳትል። «ላዩ ላይ ነው።»

ሦስት ቀን አላናገርኳትም። እግዚአብሔር ይይላት፣ በቁማርተኛ ብር ነው ትኬቴን የቆረጠችልኝ ብዬ አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ሻይ አፍልታ ፊቴ ተቀመጠችና «እኔ አልጫወትም፤ አድላለሁ እንጂ። እስኪ ቢያንስ ምን እንደምሠራ አይተሽ ተቆጪ» አለችኝ። ይህ አባባሏ ፍትሕ መሰለኝ። ሳያዩ መቆጣት ልክ አይደለም። ስለዚህ አደለችልኝ።

ጨዋታው ብላክጃክ ይባላል። ለማታውቁት፦ ለተጫዋቹ ሁለት ካርታ ይሰጠዋል፣ አዳይዋም ለራሷ ሁለት ትይዛለች፤ የእሷ አንዱ ተገልጦ አንዱ ተደፍቶ ነው። ተደምሮ ሃያ አንድ የሞላለት ወይም ሳያልፍ ወደ ሃያ አንድ የቀረበ ያሸንፋል። ያለፈ ተበላ። ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች እያንዳንዳቸው አሥር ናቸው፤ አስ የምትባለዋ ደግሞ አንድም አሥራ አንድም መሆን ትችላለች።

«ታዲያ ቤቱ በምን ያተርፋል?» አልኳት። ካሲኖውን «ቤቱ» ነው የሚሉት።

«ቀድሞ ካርታ የሚጨምረው ተጫዋቹ ነው። እሱ ሃያ አንድን ካለፈ ገንዘቡን ወዲያው እሰበስባለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም ባልፍ አልመልስለትም።»

«ሁለታችሁም ወድቃችሁ የእሱ ብቻ ነው የሚቆጠረው?»

«አዎ።»

«ይሄን ያውቃሉ?»

«ሁሉም ያውቀዋል።»

«ካወቁት ይሁን» አልኩ። አውቆ የገባበት ሰው ተታለልኩ አይልም። እኔም እህል ስሸጥ ሳላተርፍ አልሸጥኩም።

ቀጥላ ትልቁን ነገር አሳየችኝ። ለተጫዋቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና አሥር ከወጣለት ብላክጃክ ማለት ያ ነው፤ ለእሱ ከአስያዘው በላይ ይከፈለዋል። የቆየው ደንብ ሦስት ለሁለት ነው። አሥር ዶላር ያስያዘ አሥራ አምስት ያገኛል። ይህ ወዲያው ገባኝ። ምርቃት ነው። እኛ ምስር ሰፍረን ጣሳው ከሞላ በኋላ በእፍኛችን የምንጨምረው ማለት ነው። ደንበኛ የሚመላለሰው ለምስሩ ሳይሆን ለምርቃቱ ነው።

«አሁን ግን በአንዳንድ ጠረጴዛ ስድስት ለአምስት አደረጉት» አለች።

በጣቴ አሰብኩት። አምስት ላስያዘ ስድስት፤ አሥር ላስያዘ አሥራ ሁለት። ከምርቃቱ ሦስት ዶላር ጎደለ።

ሌሎችም ደንቦች አሉ። አዳይዋ አስና ስድስት ይዛ አሥራ ሰባት ሲሞላላት አንዳንዱ ጠረጴዛ «ቁሚ» ይላታል፣ አንዳንዱ «ሌላ ጨምሪ» ይላታል። አንዳንዱ በሁለት ጥቅል ካርታ ያድላል፣ አንዳንዱ በስምንት። እያንዳንዱ ትርፉን ወደ ቤቱ ትንሽ ትንሽ ይገፋል። ሒሩት እንዲህ አስረዳችኝ፦ ጨዋታውን በደንብ ለሚያውቅ ሰው፣ በጥሩ ደንብ፣ ቤቱ ከመቶ ዶላር የሚያስቀረው ግማሽ ዶላር ገደማ ነው። አዳይዋ በዚያች አሥራ ሰባት ላይ ካርታ ከጨመረች ሃያ ሳንቲም ገደማ ይጨምርለታል። ምርቃቱን ወደ ስድስት ለአምስት ሲያወርዱት ግን በአንድ ጊዜ አንድ ዶላር ከአርባ ገደማ ይጨምርለታል።

«ግማሽ የነበረው ሁለት ሊሞላ?» አልኳት። «አራት እጥፍ ሊሆን?»

«አዎ። ብላክጃክ ከሃያ አንድ ዙር አንዴ ገደማ ይወጣል፣ እማዬ። በወጣ ቁጥር ሦስት ዶላር ሲያጎድሉ ነው እዚያ የሚደርሰው።»

ሃያ አንድ ዙር የሚለውን አላመንኳትም። በማግስቱ ሥራ ስትሄድ ካርታውን ወሰድኩና ብቻዬን እያደልኩ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥር ዙር። አሥራ አንድ ጊዜ ወጣ። ማታ ስትመጣ «ልክ ነሽ» አልኳት። ሥራዋን አልወደድኩላትም፣ ዛሬም አልወደውም። ሒሳቧ ግን ልክ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ እንድታውቁ። አንድ ክረምት እህል ተራ ቂጡ ወደ ውስጥ የተደቆሰ ጣሳ ገዛሁ። ስገዛው አላወቅሁም። ካወቅሁ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት ሰፈርኩበት። ከውጭ ሲያዩት ያው ጣሳ ነው፣ ዋጋዬም ያው ነው፣ ምስሩም ያው ነው። አንዲት ደንበኛዬ ቤቷ ሄዳ በራሷ ጣሳ ሰፍራ ተመልሳ መጣች። አልጮኸችብኝም። ጣሳዬን ገለበጠች፣ የተደቆሰውን ቦታ በጣቷ ዳበሰችና ሄደች። ሁለተኛ አልመጣችም። ስለዚህ የካሲኖው ሰዎች ምን እንደሠሩ ሲነገረኝ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገውም። ሠርቼዋለሁ። ያሳፍራል። እኔ ግን «ጣሳው ፊትሽ ነበር፣ ለምን አላየሽውም?» ብዬ አልመለስኩላትም።

አሁን ወደ ጋሽ ይልማ ልምጣ። ጋሽ ይልማ እዚሁ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። በደርግ ዘመን በሱዳን አድርገው የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ስልሳ ዶላር ይይዙና በሁለት ባስ ካሲኖው ይሄዳሉ። ስልሳው ሲያልቅ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ከስልሳ በላይ ይዘው አያውቁም። «ሌላው ሰው ሲኒማ ይገባል፣ እኔ እዚያ እቀመጣለሁ» ይላሉ። ቁማር ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «አውቃለሁ፣ ወይዘሮ አስካለ» ይሉኛል፣ በትሕትና፣ ማክሰኞ ደግሞ ይሄዳሉ።

እሳቸው የሚቀመጡበት፣ በየዙሩ ቢያንስ አሥር ዶላር የሚያስይዘው ጠረጴዛ ጨርቁ አርጅቶ በአዲስ ተቀየረ። ከአዲሱ ጨርቅ ጋር ደንቡም ተቀየረ። ማንም አልነገራቸውም። ጨርቁ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ ስድስት ለአምስት ይላል። ጋሽ ይልማ አንብበውታል፣ ማንበብ ያውቃሉ። አንብበው ደስ ነበር ያላቸው። ስድስት ከሦስት ይበልጣል፣ አምስት ከሁለት ይበልጣል፤ ተሻሻለልን ብለው፣ የሚገፋላቸውን ሳይቆጥሩ ሁለት ወር ተጫወቱበት። የጻፉት ሰዎች ይህን ሳያስቡት የጻፉት እንዳይመስላችሁ።

የጥር ወር አንድ ማክሰኞ አዳይዋ ሒሩት ሆነች። ጠረጴዛው ላይ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። ብላክጃክ ወጣላቸው፣ አሥራ ሁለት ዶላር ገፋችላቸው። እሳቸውም በአማርኛ ጠየቋት፦

«ሒሩትዬ፣ ይሄ አዲሱ ከድሮው ይሻላል አይደል? ቁጥሩ ትልቅ ነው።»

ይህን ስትነግረኝ ሒሩት እያለቀሰች ነበር። «አባቴን የሚያህሉ ሰው ዓይን ዓይኔን እያዩ ሲጠይቁኝ ምን ልበል እማዬ? ኖ ኮሜንት ልበላቸው?» አለችኝ። ያለችውን አለች፦

«አይሻልም ጋሼ፣ ያንሳል። ድሮ አሥራ አምስት ያገኙበት ነበር። ጥግ ላይ ያለው፣ ቢያንስ አሥራ አምስት ዶላር የሚያስይዘው ጠረጴዛ የድሮውን ይከፍላል። ካልሆነም ቤትዎ ገብተው ይረፉ።»

ሱፐርቫይዘሯ ከኋላዋ ቆሞ ኖሯል። ምን እንዳወሩ ጠየቃት። ልጄ አንድም ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ነገረችው። ቤትዎ ገብተው ይረፉ ያለችውንም ጭምር። ጋሽ ይልማ በኋላ «ኧረ ያቺን ቃል እንኳ ብትተዋት ምን ነበረበት» አሉ። ሒሩት ግን ከተጠየቀች ትናገራለች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ ማንን ልውቀስ።

«ሰስፔንድ አደረጉኝ» ብላ ገባች። ደብዳቤው ሁለት ክስ አለበት። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ተናግረሻል የሚል ነው። ሁለተኛው ደንበኛ ከጠረጴዛ አሽሽተሻል የሚል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወሰናል፤ ሁለተኛው ከጸናባት ትባረራለች፣ የአዳይነት ፈቃዷም ይሄዳል፣ ከዚያ በዚህ ሙያ ማንም አይቀጥራትም። የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው ያ ፈቃድ ነው። እኔንም እዚህ ያመጣኝ እሱ ነው።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ «እግዜር ከኃጢአት ሥራ ሊያወጣት ፈልጎ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ሥራውን ከተወችው በራሷ እግር ትውጣ። ስላልዋሸች አትባረር» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም።

እሄዳለሁ፣ አለቃውን አናግራለሁ ስል ሒሩት ደነገጠች።

«እማዬ፣ እዚያ እንደ ቀበሌ አይገባም። ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው?»

«ሥራሽንማ እነሱ ናቸው የሚያሳጡሽ።»

«ዝም ካልሽ በማስጠንቀቂያ ያልፉኛል።»

«ካላለፉሽስ?»

ፊቷን ታጠበችና ተኛች። እኔ ወደ አራተኛ ፎቅ ወረድኩ። ጋሽ ይልማ ደንበኛ ናቸው፣ አቤት የማለት መብት አላቸው፤ እኔ እህታቸው ሆኜ አብሬ ልገባ፣ እሳቸው ሊያስተረጉሙልኝ ተስማማን። ከረባት አሰሩ።

ሁለት ባስ ተሳፈርን፣ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። የካሲኖው ውስጥ መስኮት የለውም፣ ሰዓትም የለውም። የደንበኞች ማናጀሩ ቢሮ ግን ምንጣፉ ወፍራም፣ ሰውዬውም ትሑት ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለን። ጠረጴዛው ላይ በሳህን ከረሜላ አለ። ጋሽ ይልማ መናገር ጀመሩ። «ሶሪ» ሲሉ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«የተበደሉት እርስዎ ነዎት፣ ምንድን ነው ይቅርታ የሚሉት?» አልኳቸው።

«እዚህ አገር ነገር የሚከፈተው በእሱ ነው። ይታገሡኝ።»

ማናጀሩ አዳመጠና «ደንቡ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ማንም ሊያነበው ይችላል» አለ።

«ስድስት ለአምስት ማለት ምን እንደሆነ ማን ያስረዳል ይበሉልኝ» አልኩ። «ሽማግሌው ይበልጣል ብለው ሁለት ወር ከስረዋል። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ሌብነት ነው ይበሉልኝ።»

ጋሽ ይልማ በጣም አጭር ነገር ተናገሩ።

«ሌብነት ብለዋል?»

«ኮንፊውዚንግ ብያለሁ፣ ግራ ያጋባል ማለት ነው። ያው ነው።»

ያው አለመሆኑን ከማናጀሩ ፊት አወቅሁ። ስለዚህ ትርጉም የማያስፈልገው ነገር አደረግሁ። የከረሜላውን ሳህን ወደ እኔ ሳብኩና አሥር ከረሜላ በአንድ ረድፍ ደረደርኩ። ከሥሩ አሥራ አምስት ደረደርኩ። «ኦልድ» አልኩ። ማናጀሩ ራሱን ነቀነቀ። ከአሥራ አምስቱ ሦስት አነሣሁና ኪሴ ከተትኩ። «ኒው» አልኩ። ከዚያ በጣቴ ባዶውን ቦታ አሳየሁት።

«ማዳም፣ ከረሜላው በነፃ ነው፣ መውሰድ ይችላሉ» አለ።

ጋሽ ይልማ ሲተረጉሙልኝ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ በሳቅ ይሁን በሐፍረት አልጠየቅኳቸውም። እኔ አልሳቅሁም።

«አንድ በአንድ ይተርጉሙልኝ፣ አያሳጥሩብኝ» አልኳቸው። ከረባታቸውን አስተካከሉ። እንዲህ አልኩ፦ ቋንቋውን በተመለከተ ልክ ናችሁ። ገንዘብ በሚቀባበሉበት ቦታ ሌላው በማይሰማው ቋንቋ ማውራት ያስጠረጥራል፤ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ለዚህ ብትገሥጿት አልከራከርም። ሁለተኛው ግን እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ደንቡ ተጽፏል፣ ማንም ያየዋል ትላለህ። ማንም የሚያየው ከሆነ አዳይዋ ምን ምሥጢር አወጣች? ምሥጢር አውጥታ ከሆነ ደግሞ እንዴት ለማንም ተጽፏል ትለኛለህ? ከሁለቱ አንዱን ምረጥ። ሁለቱንም ልትይዝ አትችልም።

ይህን ጋሽ ይልማ በሙሉ ተረጎሙት። ርዝመቱ ከእኔው ጋር እኩል ስለነበር አወቅሁ። ድምፃቸውም ከፍ ብሎ ነበር።

ማናጀሩ እስክሪብቶ አንሥቶ «ስለ ሠራተኞቻችን ከውጭ ሰው ጋር አንነጋገርም። እርስዎ የሠራተኛዋ ምኗ ነዎት?» አለኝ።

ይህን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። እህታቸው ነኝ ማለት ነበረብኝ። ባስ ውስጥ ሳለን ተለማምጄዋለሁ። ግን ፊት ለፊቴ ሆኖ ልጅሽን ካጂ ሲለኝ አልቻልኩም።

«አይ ማዘር» አልኩት፤ እናቷ ነኝ ማለቴ ነው።

ጋሽ ይልማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰውዬው ጻፈ። «የጥያቄዎ መልስ በጽሑፍ ይደርሳችኋል» አለና ተነሥቶ በር ከፈተልን። ሶሪም አለን።

ለሒሩት የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። አልጮኸችም። «ስሜን ጠራሽ?» አለች። «ስምሽን አልጠራሁም፣ እናቷ ነኝ ነው ያልኩት» አልኳት። ለአራት ቀን እንደ ጎረቤት «ደህና አደርሽ፣ ደህና አመሸሽ» ብቻ ሆንን። ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ቀን ቀን ነበር የሚከብደኝ፣ እሷ ከሥራ ቀርታ መስኮት ላይ ቆማ የባቡር ሐዲዱን ስታይ። የባሰውን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ቢሆንም ዛሬም ቢጠይቀኝ ሌላ መልስ የለኝም።

እሑድ ለጥሩዬ ደወልኩ። ናዝሬት ንፋሱ አቧራውን ሲያነሣ በስልክ ይሰማል፤ በሩን ዝጊው ስላት «ምን ያደርግልኛል፣ ይሞቃል» አለች። ያን ሙቀት ብትልክልኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት። ሆቴል አይደለም፣ ካርታ ነው የምታድለው፣ አሁን ደግሞ አግደዋታል፣ ነገሩም እንዲህ እንዲህ ነው አልኳት።

ገንዘቤ እያለቀ ነው፣ ተናገሪ ልላት ስል፦

«ካርታ?» አለች። «የእኛ ሒሩት?»

«አዎ።»

«ሰው አታላለች?»

«እንዳይታለሉ ተናገረች።»

«ታዲያ አንቺ ምን አንገትሽን ያስደፋሻል?» አለችኝ። «ለጎረቤት ግን ሆቴል እንበል።»

ሐሙስ ዕለት ለሒሩት ተደወለላት። ሰኞ ሥራ ግቢ ተባለች። ለቋንቋው ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛውም ማስጠንቀቂያ፤ ሁለቱም ለአንድ ዓመት መዝገቧ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ቢጨመር ትወጣለች። ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። «አመሰግናለሁ ግን ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለችኝ። ሌላ ሥራ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት። እየፈለግሁ ነው አለች። ሰኞ ስትገባ የት እንዳቆሟት ልንገራችሁ? ያው ስድስት ለአምስቱ ጠረጴዛ ላይ።

የጥያቄዬ መልስ ግን ለደንበኛው ስለሆነ የሚላከው፣ በሳምንቱ በጋሽ ይልማ ስም መጣ። ፖስታውን ሳይከፍቱ ይዘውልኝ ወጡ። ሒሩትም ቤት ነበረች። መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ በልባቸው አነበቡት። «እንዳያሳጥሩት» አልኳቸው። «ማሳጠር አያስፈልገውም፣ ሁለት መስመር ነው» አሉና ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሱልኝ፦

«አንድ ሠራተኛ ስትጠየቅ ያለችበትን ጠረጴዛ ደንብ ለደንበኛ መናገር ትችላለች። ከሌላ ጠረጴዛ ጋር ማወዳደር ግን አይፈቀድላትም።»